ፈረስ የላሰው አሞሌ

ጀርመን አገር፤ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ አጎቴ ለአቶ እንየው አየነው፤
ዳንግላ።

ይህ ወረቀት ሲደርስ እርስዎንም፣ እትዬ እታለማሁንም፣ ዘንገና ያለችውን እናቴንም በደህና ጤና እንዲያገኛችሁ የዘወትር ጸሎቴ ነው። እኔ ከብርዱ በቀር የምከሰው ነገር የለኝም። ብርዱንም ቢሆን የኢንጅባራ ልጅ ስለሆንሁ ከሌሎቹ ይልቅ እችለዋለሁ።

«ለመሆኑ ትምህርቱ መቼ ነው የሚያልቀው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ትምህርቱስ አልቋል። አሁን ያለሁት ፌሎሺፕ በሚሉት ነው። ተማሪ አይደለሁም፤ አስተማሪም አይደለሁም፤ ቀለብና መኝታ ተችሎኝ «አንድ ነገር መርምር» ተብዬ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ጊዜው እስከ መጪው ዓመት ጥር ነው። ያን ጊዜ ጉባኤ ተቀምጦ «የራሱ የሆነ ነገር አግኝቷል» ካለ ሁለት ዓመት ተጨምሮልኝ ዶክተር ተብዬ እወጣለሁ። «አላገኘም» ካለ ሻንጣዬን አንሥቼ መምጣት ነው። ከአገራችን ወደዚህ ቤት ለመግባት የመጀመሪያው እኔ ነኝና ባዶ እጄን ብወጣ የሚወቀሰው አዝመራው ብቻ አይሆንም።

የምመረምረውን ነገር እስከ ዛሬ በግልጥ አልነገርሁዎትም። አቶም ነው ብዬዎት ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን አቶሙ የጨው ነው። እኔ የምመረምረው ጨው ነው። ይህን ለመጻፍ ዓመት ሙሉ አፍሬ ቆይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጨው ፍሬ ውስጡ በሰልፍ የተደረደረ ነው፤ ሰንበቴ ላይ ሰው ተራ ይዞ በየመደቡ እንደሚቀመጠው። አንዱ ሲቀር ቦታው ባዶ ይሆናል። በዚያ ባዶ ቦታ ኤሌክትሮን የሚሉት እጅግ ትንሽ ነገር ገብቶ ይቀመጥና ነጩን ጨው ቢጫ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ያ እንግዳ በዚያ ጠባብ ቦታ እንዴት እንደሚኖር የሚያሰላው ትምህርት ኳንተም ይባላል። ዕውቀቱ ከጨው አልፎ ለመስታወትም፣ ለብረትም፣ ለሬዲዮም ይሆናል።

ፕሮፌሰሬ የየአገሩን ጨው በሳጥን ደርድረዋል። የፖላንድ አለ፣ የሕንድ አለ፣ የራሳቸውም አለ። ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ ባለበት «ባንተ አገር ጨው አለ?» አሉኝ። «በእኛ አገር ጨው ገንዘብ ነበር» አልሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እዚህ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ አላውቅም። አስመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ስለዚህ አንድ አሞሌ ይላኩልኝ። አደራዬ አንድ ነው፤ እንዳለ ይሁን። አይታጠብ፣ አይፋቅ፣ ውሃ አይንካው። የምንመረምረው ቆሻሻውንም ጭምር ነው። ከማን እንደተገኘ ጽፈው ይፈርሙበት፤ እዚህ የሰው ፊርማ የሌለበት ጨው አይመዘንም።

ታዛዥ ልጅዎ
አዝመራው ደርበው

ዳንግላ፤ ኅዳር 30 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው ደርበው፤

በገባህበት በወጣህበት እመቤታችን ከለላ ትሁንህ። በፈረንጅ ፊት ሞገስ ትስጥህ። እኛ ደህና ነን። እታለማሁ ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን ምንም አላመማትም።

ወረቀትህ ሲመጣ እንደ ልማዴ ሰው በተሰበሰበበት ልከፍተው ነበር። መነጽሬ ቤት ቀርቶ ነውና ይዤው ገባሁ። «ጨው» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ልጄ፣ እኔ እዚህ ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አቤቱታ ስጽፍ ስሜን የሚያነሣ አልነበረም። የእህቴ ልጅ አቶም ይመረምራል ካልሁ ወዲህ ግን ሰው ወንበር ይለቅልኝ ጀምሯል። አሁን ጨው ነው ብል ምን ሊሉኝ ነው? አያትህ ከጨው በቅሎ ኋላ ሲሄድ ኖሮ መንገድ ላይ ሞተ። አንተን ትምህርት ቤት የላክንህ ከጨው እንድትገላገል ነበር።

የሆነው ሆኖ ፈለግሁ። አሞሌ ጊዜው አልፏል፤ ሁሉም የሱቅ ጨው በጣሳ እየሰፈረ ነው የሚገዛው። በዳንግላ ገበያ «ለመድኃኒት ነው» እያልሁ ጠየቅሁ። ወደ ጫግኒ ለሚወርድ ነጋዴም አደራ አልሁ። የለም። በመጨረሻ ዘንገና ወጥቼ ወረቀትህን ለእናትህ በአገውኛ ነገርኋት። ምንም ሳይገርማት ወደ ፈረሱ በረት ወስዳ አሳየችኝ። ከአባትህ ፈረስ ከዳማ ራስጌ በጠፍር ታስሮ ተንጠልጥሏል። መካከሉን ምላሱ ቦርቡሮ ጎድጓዳ አድርጎታል። ጭድ ተለጥፎበታል። መልኩ አመድ ነው። «ይኸው፣ ይላክለት» አለች።

ይህን ነው እንግዲህ ፈረንጅ ፊት የምንዘረጋው? «ዘመዶችህ ከፈረስ ጋር ነው እንዴ የሚልሱት» ቢሉህ የት ትገባለህ? እስቲ ሌላ መላ ፈልግ። ሌላ ከሌለ ይላካል፤ እናትህ ከተናገረች እኔ ምን አቅም አለኝ።

ከተቻለህ መነጽር ላክልኝ። የደንበኞቼ ፊት እንጂ ፊደሉ አልታይ እያለኝ ነው።

አጎትህ
እንየው አየነው

ዳንግላ፤ የካቲት 3 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው፤

ሌላ መላ እንዳላገኘህ ከዝምታህ ገባኝ። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ታማኝ ሰው እጅ ጨውህን ልኬዋለሁ፤ እሱ በአውሮፕላን ያስልከዋል። ሙሉው አሞሌ ይከብዳል ብዬ ከውስጡ ደህና ደህናውን ፍሬ መርጬ በነጠላ ጨርቅ ቋጥሬዋለሁ። የጠየቅኸው ማረጋገጫም ይኸው፦

«እኔ እንየው አየነው ነዋሪነቴ በዳንግላ ከተማ የሆነው፣ ከዚህ ጋር የተላከው ጨው ከእህቴ ከወይዘሮ እህተማርያም ቤት የተገኘ አሞሌ መሆኑን፣ ውሃ ያልነካውና እንዳለ የተላከ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ሐሰት ብጽፍ በሕግ ልጠየቅ፣ በእግዚአብሔርም ፊት ልፈር።»

ጤና ይስጥህ።

እንየው አየነው

ጀርመን አገር፤ ግንቦት 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ እንየው፤

የምሥራች ይዤ ስለመጣሁ ከሰላምታው በፊት ወደ ነገሩ ልግባ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጨውዎ አበራ። ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚያወጣ መብራት አለን፤ ክፍሉን አጨልመን በእያንዳንዱ ጨው ላይ እናበራበታለን። የፖላንዱ ዝም። የሕንዱ ዝም። የጀርመኑ ዝም። የእርስዎን ሳስቀምጥ ሰማያዊ ሆኖ በራ፤ የእጄን ጣቶች በእሱ ብርሃን ቆጠርኋቸው። ፕሮፌሰሩን ጠርቼአቸው መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ደጋግመው አዩት። ከምድር የወጣ ጨው እንዲህ ሲያደርግ አይተው አያውቁም።

ፍሬው ራሱ የሚያስገርም ነው። አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ጥርት ያለ። መዳፌ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ጽሑፉ በመጽሔት ታትሟል። የፕሮፌሰሩ ስም አለ፤ ከእሳቸው ቀድሞ ግን የእኔ ስም አለ። ጨውን «የዘንገና ጨው» ብለነዋል። የእናቴ ሰፈር ስም በጀርመንኛ ተጽፎ ሳየው እንባዬ መጣ። በጥር የሚቀመጠው ጉባኤ ከእንግዲህ አያሳስበኝም ይላሉ ሁሉም።

መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ለእናቴ ይንገሩልኝ። ለዳማም ይንገሩልኝ።

ልጅዎ
አዝመራው

ዳንግላ፤ ሐምሌ 25 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው፤

ሹመት ያዳብር። ወረቀትህ ደርሶናል። መነጽሩም ደርሶኛል፤ ጥሩ ያሳያል።

የዘንድሮ ክረምት ከባድ ነው። ከዳንግላ ኢንጅባራ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ድንቹ ግን ጥሩ ነው ይላሉ። እናትህ ደህና ናት። ዳማ እያረጀ ነው፤ ጥርሱ አልቋል።

አበረን ታስታውሰዋለህ፤ የሰፈራችሁ ፈረሰኞች አለቃ። እሱ «ዶክተር ሆኖ ሲመጣ አርባ ፈረስ አሰልፌ ኢንጅባራ ድረስ ወጥቼ እቀበለዋለሁ» ብሎ በሰው ፊት ቃል ገብቷል። እኔ አልጠየቅሁትም። እንዲያውም «ይቅርብህ፣ ትልቅ ነገር አታድርገው» ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም።

አንድ ነገር አስቤ ነበር። ሌላ ነገር መመርመር አይቻልም ወይ? በአገራችን ድንጋዩ ብዙ ነው። ሐይቁ አለ። ጨውን እዚሁ ላይ ብትተወው ምን ይላል? እንዲያው ሐሳብ ነው። እታለማሁ ስለ ጨው ሲነሣ ከቤት መውጣት ጀምራለች፤ ያው ሴት ናት፣ ነገር ይሰለቻታል።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እንየው

ጀርመን አገር፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ እንየው፤

እንደምን ከርመዋል። ቅዱስ ሚካኤል ዘመኑን የሰላም ያድርግልን። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ አጥቻለሁ።

ጽሑፋችንን ያነበቡ የሌላ አገር ሊቃውንት ከመቀሌ ነጋዴ አሞሌ አስመጥተው እንደኛው መረመሩት። አልበራም። አንድም ፍሬ አልበራም። እነሱ የሚሉት የእኛው ጨው ውስጥ መዳብ ገብቷል ነው፤ ከምድር ሳይሆን ከሰው እጅ። ይህን ለፕሮፌሰሩ ጽፈውላቸዋል፤ ጉባኤውም ሰምቷል።

ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም። ጠርተው «ጨው ከእናትህ ቤት እስከዚህ ጠረጴዛ ድረስ በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያስረዳ የታመነ ወረቀት ካለህ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ» አሉኝ። የእሳቸውም ስም አብሮ አለና።

ስለዚህ ጨውን ማንም እንዳልነካው የሚገልጽ ማረጋገጫ እንደገና በጥሩ ወረቀት ጽፈው፣ ማኅተምዎን አትመው፣ ሁለት ምስክር አስፈርመው ይላኩልኝ። ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት ይድረሰኝ። ከዘገየ የእኔ ነገር አብቅቷል።

እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምን
አዝመራው

ዳንግላ፤ ኅዳር 29 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለአዝመራው፤

የጠየቅኸው ወረቀት በዚህ ውስጥ አለ። ማኅተሙ ታትሟል። ምስክሮቹ ጎረቤቶቻችን አየነውና ውዱ ናቸው፤ ያላዩትን ነው የፈረሙት፣ እኔን አምነው። ፖስታውን የምዘጋው በራሴ ምራቅ ነው።

እንየው

ዳንግላ፤ የካቲት 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው ደርበው፤

ልመርቅህ ብዬ ብዕሬን አንሥቼ አፌ እንቢ አለኝ። ምርቃቱ ከወረቀቱ መጨረሻ ይቆየን፤ ያኔ ከፈለግኸው።

ጥር ሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ ፈረሰኞቹ ወጡ። እናትህም ዳማን አስጊጣ፣ ልጓሙን ይዛ ከዘንገና መጣች። እንደ ድሮው አይሮጥም፤ ብቻ ሰው እንዲያየው ብላ ነው። አበረ በሰው መካከል «ይህ ነው የዶክተራችን ፈረስ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናትህ ወደ እኔ ዞራ በአገውኛ፣ ቀስ ብላ «ከወሰድኸው አሞሌ ለልጄ ስንቱን ላክህለት?» አለችኝ። እኔ ፈረሱን ማሻሸት ጀመርሁ። ወደ ቤቴ የተመለስሁት አንገቴን ደፍቼ ነው።

ልጄ፣ የላክሁልህ እንዳለ አልነበረም።

አሞሌውን እናትህ ለሁለት ሰበረችውና ግማሹን ለፈረሱ አስቀርታ ግማሹን ሰጠችኝ። ዳንግላ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የዳማ ምላስ የዞረበት ጎድጓዳ ወደ ላይ ሆኖ አፈጠጠብኝ። የፈረስ ለሃጭ ደርቆ ያብለጨልጫል። ፈረንጆቹ ከበው ሲያዩት፣ አንተም ከመካከላቸው ቆመህ ታየኝ። ቆሻሻ ሕዝብ ናቸው ሲሉ ሰማሁ፤ ማንም ሳይል። እታለማሁን «እስቲ አጽጂልኝ» አልኋት። እሷ «እንዳይታጠብ ብሏል አይደል ወይ» ብላኝ ነበር፤ ይህን ልመሰክርላት ይገባል። ጮህሁባት። በሙቅ ውሃ አሟሟችው፣ በነጠላ አጠለለችው፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የመዳብ ድስት ገልብጣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ቀን ሲቆይ ውሃው አልቆ ከታች ጥርት ያለ ፍሬ ቀረ። እንዴት እንደኮራሁ ልንገርህ? ልጄ አያፍርም አልሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ «ውሃ ያልነካው» ብዬ ጻፍሁ።

«አበራ» ያልኸኝ ቀን ልቤ ወለቀ። ኳንተም አላውቅም፤ ግን መሆን የሌለበት ነገር እንደሆነ አወቅሁ። ልነግርህ ሐምሌ ላይ ተነሥቼ ስለ ድንች ጻፍሁልህ። «መዳብ» ብለህ ስትጽፍ ድስቱን አውጥቼ አየሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። እያየሁት ማኅተሙን አተምሁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ መጨረሻ ላይ «ሐሰት ብጽፍ በሕግ ልጠየቅ» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን ስለ ራሴ ብጽፈው እሱም ሐሰት ሆነ። አየነውና ውዱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣ ያነሣሉ፤ ሌላ መንገድ ይዤ መሄድ ጀምሬአለሁ።

ይህን ወረቀት ለፕሮፌሰርህ አሳየው። በእኔ ይፈረድ። አንተ የታመንኸውን ነው ያቀረብኸው፤ ምን አጠፋህ? በላክህልኝ መነጽር ነው የጻፍሁት፤ እያንዳንዱ ፊደል ጎልቶ ይታየኛል።

አምላክ ከኔ ኃጢአት ያውጣህ።

እንየው

ጀርመን አገር፤ ግንቦት 16 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ እንየው አየነው፤

አባቴ ያልሁዎ ሆን ብዬ ነው። መልሴ የዘገየው ወረቀትዎ ስላልደረሰኝ አይደለም። በየካቲት መጨረሻ ደርሶኛል። ሁለት ወር ከምናምን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ሲጨርሱ ደግሞ ወረቀቴን ይቅደዱት ወይም ያስቀምጡት፣ እንደ ፈቀዱ።

ጉባኤው በጥር ተቀምጧል። የእርስዎን ማኅተም አይቶ፣ ሁለቱን ምስክር አይቶ አመነኝ። ሁለት ዓመት ተጨመረልኝ። እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። ወረቀትዎ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንተ የታመንኸውን ነው ያቀረብኸው፤ ምን አጠፋህ?» ብለው ጽፈዋል። ያንን መስመር ሳነብ ተቀምጬበት ከነበረው ወንበር ተነሣሁ፤ መቀመጥ አልቻልሁም።

እኔ እኮ ዳማን አሞሌ እያስላስሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። በጠፍሩ ይዤ ቆሜ፣ ምላሱ መዳፌን ሲሞርደኝ እየሳቅሁ። አሞሌ ምን እንደሚመስል መዳፌ ያውቀዋል፤ አመድማ ነው፣ ሸካራ ነው፣ ሲሰበር ይፈረፈራል። የነጠላውን ቋጠሮ ፈትቼ ያንን ጥርት ያለ ፍሬ ያየሁ ዕለት፣ ገና መብራቱን ሳላበራበት፣ አሞሌ እንዳልሆነ አውቄአለሁ። የእትዬ እታለማሁ ቤት ጭስ ይሸት ነበር። ሰው እንዳጠበው አወቅሁ። ያጠበውም ማን እንደሆነ፣ ለምን እንዳጠበውም አወቅሁ። መዳፌ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ አየሁት ብዬዎት አልነበረም? ያኔ ያየሁት ይህን ነው።

መዳብ ጨውን እንደሚያበራ የተጻፈው እኔ ሳልወለድ ነው። መጽሐፉ ከራሴ በላይ መደርደሪያ ላይ ነበር። ገጹ እንዳይገጥመኝ ዓመት ሙሉ አላወረድሁትም።

የኅዳሩን ወረቀቴን ልብ ብለው ካነበቡት፣ «ጨውን ነክታችሁታል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁዎትም። «ማንም እንዳልነካው ጽፈው ይላኩልኝ» ነው ያልሁት። ብጠይቅዎት ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛውን ሐሰት ያስጻፍሁዎ እኔ ነኝ። አየነውንና ውዱንም ያስፈረምሁ እኔ ነኝ። እርስዎ መንገድ እየለወጡ ሲሄዱ እኔ እዚህ እየተጨበጨበልኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ወረቀት ይዤ ወደ ፕሮፌሰሩ ገባሁ። ማኅተም ያለበትንና የየካቲቱን ጎን ለጎን አስቀመጥሁና የየካቲቱን ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ መለስሁላቸው። «የፈረስ ለሃጭ» የሚለውንም አልዘለልሁም። ጨርሼ የራሴን ጨመርሁበት። «አጎትህ ስለ ቆሻሻው አፈረ፤ ይገባኛል። አንተ ቆሻሻው እንደሚያስፈልገን ታውቅ ነበር። አንተ ምን አሳፈረህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ምናልባት ባዶ እጄን መምጣት ይሆናል። ምናልባት «በእኛ አገር ጨው ገንዘብ ነበር» ባልሁ ጊዜ ዞረው ያዩኝ ዓይኖች እንዳይመለሱብኝ ይሆናል።

ጽሑፉን በፕሮፌሰሩና በእኔ ስም ከመጽሔቱ እናነሣዋለን፤ ለምን እንደተነሣም ይታተማል። የእርስዎን ስም እንዳይጽፉ ለመንሁ፤ እሺ ብለዋል። የእኔ ይጻፋል። ፌሎሺፑ በሐምሌ ያበቃል። አስተማሪ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ እገባለሁ። ዶክተር አልሆንሁም።

አበረን ይለምኑልኝ፤ ፈረስ እንዳያወጣ። ከአውቶቡስ ኢንጅባራ ወርጄ ዘንገና በእግሬ እሄዳለሁ። የሚቀበለኝ ሰው ባይኖር ይሻለኛል።

እርስዎ ይቅርታ ጠይቀውኛል። እኔ ከእርስዎ ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም፤ ወረቀት ብቻ ነው ያለኝ።

አዝመራው

ዳንግላ፤ ሰኔ 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዝመራው፤

ወረቀትህን አልቀደድሁትም። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ተቆጣሁህ፤ እኔ ከየካቲት ጀምሮ ምግብ ጠልቼ ስኖር አንተ ታውቅ ኖሯል ብዬ። በሁለተኛው አለቀስሁ። በሦስተኛው እታለማሁን ጠርቼ አነበብሁላት። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ተነሥቼ ቆምሁ። ጨው መሆኑን፣ አሞሌ መሆኑን፣ ማጠባችንን፣ ማኅተሙን ሁሉ ተናገርሁ። የአንተን አልተናገርሁም፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። አየነውንና ውዱን ስማቸውን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ማዕዱን ቀጠሉ፣ ለእኔም አቀረቡልኝ። እንደዚያ ቀን እህል ከብዶኝ አያውቅም።

አበረ ፈረሶቹን አላወጣም ብሏል። እናትህ ግን ሰው ሁሉ ቢቀር ዳማን ይዤ አውቶቡሱ ድረስ እወጣለሁ ትላለች። ተው ብዬ አልሞከርሁም። የሚጋልበው ካላገኘ አብረን እየሳብን እንመለሳለን።

ለዳማ የቀረው ግማሹ አሞሌ አሁንም በረት ውስጥ ነበር። ትናንት ዘንገና ወጥቼ በእጄ ከጠፍሩ ፈታሁት። ከመውጣትህ በፊት እንዲደርስህ በአውሮፕላን ልኬዋለሁ። ጭዱን አላነሣሁም። ወረቀቱ ይኸው፦

«እኔ እንየው አየነው፣ ከዚህ ጋር የተላከው ጨው ከእህቴ ከወይዘሮ እህተማርያም በረት የተገኘ ግማሽ አሞሌ መሆኑን፣ ዳማ የተባለ ፈረስ ሲልሰው የነበረ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የእኔ እጅና የጨርቁ ቋጠሮ ብቻ የነካው መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ለፕሮፌሰሩ በሁለት እጅህ ይዘህ ስጥልኝ። ካልበራም አይብራ።

አጎትህ
እንየው አየነው